ከሣጥን ውስጥ የምትጣራው ሴት

ሃዋኒ ጉደታን በመልኳ የሚያውቃት ሰው ከሰፈሯ ብዙም አያልፍም ነበር። በድምጿ ግን አምቦ ውስጥ የማያውቃት ማን አለ! ከመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ ቀጥላ በአማርኛ፣ «ጌዶ፣ ባኮ፣ ነቀምት የምትሄዱ መንገደኞች፣ መኪናችሁ ሊነሳ ነው» የምትለው እሷ ነበረች። ነገሩ ተራ ማስታወቂያ ነው። እሷ ስትለው ግን ሰው ቁጭ ብሎ መስማት አይሆንለትም። አንድ ሰውዬ ሻይ ሊጠጣ መናኸሪያ ገብቶ፣ ድምጿን ሲሰማ ብድግ፣ መኪናው ውስጥ ዘው፤ ጌዶ ሲወርድ ነው አሉ «ኧረ እኔ እዚህ ምን ልሠራ መጣሁ?» ያለው። ይቺ እንኳ የመናኸሪያ ልጆች ጨዋታ ናት። ከዚህ በታች ያለው ግን ጨዋታ አይደለም።

ሃዋኒ ለሜሳ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ባል ነበራት። በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ግራ እግሩ ስለተሰበረ ሲራመድ ይጎትታታል፤ አንዱን ረገጥ፣ አንዱን ሸርተት። ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሁለቱን ጫማዎቹን እርስ በርስ ሳያጋጭ አይገባም። በበጋም ያጋጫል፤ ጭቃ ኖረም አልኖረም። ሃዋኒ እራት የምታወጣው ያንን ቀጭ ቀጭ ሰምታ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለሜሳ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ ድንች ጭኖ ወደ ነቀምት ወጣ። ያን ጊዜ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ባኮን አልፏል ተባለ፤ ኧረ አላለፈም ተባለ። መኪናውም፣ ድንቹም፣ ሰውየውም የገቡበት ሳይታወቅ ቀረ።

ዓመት ሲሞላው ወንድሞቹ መጥተው «ለቅሶ እንቀመጥለት» አሏት። እድሩም ድንኳኑን ሊያወጣ ተሰናድቶ ነበር።

«ማን ሞቶ?» አለቻቸው።

በቃ። ሽማግሌ ቢመጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢመጣ መልሷ ያው ነው፤ «ማን ሞቶ?» ሲመሽ በሯን ሳትቀረቅር፣ ሁለተኛ ሳህን አቅርባ፣ ፊቷን ወደ ደጅ አድርጋ ትቀመጣለች። የመናኸሪያውንም ሥራ ተወችው። «ጌዶ፣ ባኮ» ብላ «ነቀምት» ላይ ስትደርስ ድምጿ ይታነቅ ጀመር፤ መንገደኛው ደግሞ የመጨረሻውን ከተማ ሳይሰማ መሳፈር አይወድም።

እንዲህ ሆና ሳለች ነው፣ በ2015 ዓ.ም. አንድ ኢፋ የሚባል ወጣት በሯ ላይ ቆሞ «እትዬ ሃዋኒ፣ እኔ አንቺን ፍለጋ ነው የመጣሁት» ያላት። ኢፋ የጉደር ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበር፤ ሥራውን ለቆ፣ ከገበያው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ፣ ጋሽ እንግዳወርቅ ከሚባሉ አናጢ ጋር አንድ አዲስ ዕቃ ሊሠራ ተፍ ተፍ ይላል። ዕቃው በመዳፍ የሚያዝ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ስሙ «አስታዋሽ»። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «መድኃኒትዎን» ብሎ ያስታውሳል። አንድ የጤና ድርጅት፣ ሙከራው ከሰመረ ለብዙ ወረዳ እወስደዋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ካልሰመረ የቆርቆሮ ቤቷ መዘጋቷ ነው።

«ደወል ገጥመንለት ነበር» አላት ኢፋ። «አንዷ እናት ዶሮ ቤት ጣሉት። ሌላኛው ሽማግሌ ‘ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት የሸሸሁት ከዚህ ድምፅ ነው’ ብለው መለሱልኝ። የሰው ድምፅ ነው የጎደለን። የአንቺን ድምፅ ደግሞ እኔ ተማሪ ሆኜ ነው የማውቀው፤ ስንቴ ጉደር መውረድ ሲገባኝ ጌዶ አድርሰሽኛል!»

ሃዋኒ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበርና የገዛ ሳቋ አስደነገጣት። በማግስቱ ሥራ ገባች።

የቀረጻ ክፍሉ ቁም ሣጥን ነው። አዎ፣ ልብስ የሚሰቀልበት ቁም ሣጥን! የቆርቆሮው ጣሪያ ዝናብ ሲነካው ስለሚጮህ፣ ኢፋ በውስጡ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ ማይክ አንጠልጥሎ «ግቢ» አላት። ገባች። በሩ ተዘጋ። ጨለማውና የብርድ ልብሱ ሽታ ተቀበላት።

«እትዬ ሃዋኒ» አለ ኢፋ ከውጭ፣ «እንደ መናኸሪያው አይሁን። እራት ቀርቦ ጓሮ የቆየብሽን ሰው እንደምትጠሪው አድርጊው።»

ዓይኗን ጨፈነች። ጨለማ ውስጥ ዓይን መጨፈን ምን እንደሚጨምር እንጃ፣ እሷ ግን ጨፈነች። ከዚያም «ኮታ» አለች።

ኮታ በኦሮምኛ የአክብሮት «ይምጡ» ናት። ለሜሳን ወደ ማዕድ ስትጠራው ሌላ ቃል ኖሯት አያውቅም፤ በስሙም ጠርታው አታውቅም። «ኮታ» ብላ ትንሽ ጠበቀች፤ መድኃኒቱ እንዲወሰድ በሁለቱም ቋንቋ ተናገረች፤ ከዚያ እንደገና ትንሽ ጠበቀች። ኢፋ ያችን መጠበቋን «እንዴት ደስ የምትል እረፍት ናት!» ብሎ ሳይቆርጣት እንዳለች ሣጥኑ ውስጥ ጫናት።

ጋሽ እንግዳወርቅ ከሌላ አገር በወጣትነታቸው አምቦ የገቡ፣ ኦሮምኛን በገበያ ያህል የሚያውቁ ናቸው። ድምፁ ሲሞከር መላጊያቸውን አቁመው ጆሯቸውን ሰጡ።

«ኮታ?» አሉ። «ዘይት መጣ እንዴ?»

ኢፋ በሳቅ ወንበሩን ይዞ ቀረ። አምቦ ውስጥ ኮታ ሲባል ሌላ ምን አለ? ከሸማቾች ሱቅ ለየቤቱ የሚደርሰው ዘይትና ስኳር ነዋ! ይባስ ብሎ ሙከራው ሲጀመር፣ የቀበሌው ጡረተኛ እማማ ወለተ ማርያም ኦሮምኛውን እንደ ውሃ እየጠጡት፣ ከእንቅልፍ ሲነቁ «ኮታ» የሚል ሰምተው፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው ሸማቾች ደጅ ተሰልፈው ተገኙ። ተከትሏቸው የተሰለፈም አልጠፋም።

ሙከራው ሦስት ቤት ነበር። አንዱ የእማማ ወለተ ማርያም፣ እዚያው አምቦ። ሁለተኛው ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር፤ ልጃቸው በጀልባ እንግዳ የሚያሻግር አዴ ሲንቄ የሚባሉ እናት ቤት። ሦስተኛው ጎጆ ላይ፤ ገብስና በግ ያላቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ኦቦ ሂርጳ ቤት። እነዚህ ሦስቱ ሰዎች አይተዋወቁም። ወንጪና ጎጆ በአምቦ ግራና ቀኝ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ስም እንኳ ሰምቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ወሬ ሠርግ ነበር። መድኃኒቱ ይወሰዳል! አንድም ቀን አልተዘለለም! ኢፋ ሽቦ እየበየደ ያፏጫል፤ ጋሽ እንግዳወርቅ «በደስታ የተላገ እንጨት አያቃስትም» እያሉ ሣጥን በሣጥን ላይ ይደረድራሉ። ኢፋ ከቤት አከራዩ ጋር ተጣልቶ የገጠማት አንዲት ሣጥን ብቻ ሰዓቷ ሳይደርስ እየቀደመች፣ እየተጣደፈች አስቸገረች። «የአንተ ንዴት ነው» አሉት ጋሽ እንግዳወርቅ። ተሳሳቁና ፈታትተው ጣሏት።

ከዚያ የአዴ ሲንቄ ልጅ ከወንጪ ደወለ።

«እናቴ መድኃኒቷን ትውጣለች፤ በዚህ እግዜር ይስጥልን። ግን ሣጥኑ ከተናገረ በኋላ በሩን ትከፍትና የእግር ውሃ አሙቃ ትቀመጣለች። ማን ሊመጣ ነው ስላት ‘ዝም በል፣ ደርሷል’ ትለኛለች።»

እማማ ወለተ ማርያም ደግሞ ፊታቸውን ወደ ደጅ አድርገው መቀመጥ ጀመሩ። ኦቦ ሂርጳ ሁለተኛ በርጩማ ምድጃው አጠገብ ይስባሉ፤ መቀርቀሪያውን ያነሳሉ፤ የጎጆ ብርድ ቤቱን ሞልቶት እስኪንቀጠቀጡ ይቀመጣሉ።

ኢፋ የሙያ ሰው ነውና ብልሽቱን ፈለገ። «ቃሏ ናት» አለ። «ኮታ ያልነው እኛ ነን። አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ይምጡ ይባላል? ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላቸዋል።» እውነትም ትመስላለች። ኮታን ቆርጦ አወጣት። በሮቹ ግን መከፈታቸውን አልተዉም። ቀጥሎ ጋሽ እንግዳወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ለካ ሣጥኖቹን የሠሩት ከፈረሰ ቤት ከገዙት የበር ሳንቃ ኖሯል። «የበር እንጨት በር አሳሰባቸው ማለት ነው?» ብሎ ኢፋ እየሳቀም እየፈራም በአዲስ ጣውላ አስቀየረ። ምንም ለውጥ የለም። ስፒከሩን ለወጠ። መብራቱን ለወጠ። ሁሉን ነገር ለወጠ፤ ድምፁን ብቻ ሳይለውጥ።

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ኢፋ እንደ ቀልድ «ኦቦ ሂርጳ ዛሬ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?» አለ። «የሚመጣው ሰውዬ ግራ እግሩን ይጎትታል አሉኝ።»

ሃዋኒ የጠቀለለችውን ጉርሻ መለሰችው።

ኢፋ ለሜሳን አያውቀውም። ጋሽ እንግዳወርቅም ባል እንደጠፋባት ከመስማት በቀር ዓይተውት አያውቁም። እጇን እንኳ ሳትታጠብ ስልኳን ይዛ ወጣች፤ ቆርቆሮው ጥግ ቆማ ወንጪ ደወለች።

«አዴ ሲንቄ፣ የሚመጣው ሰው ምን ያደርጋል?»

«አንቺ ማነሽ? ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አሉ አሮጊቷ። «ምን ያደርጋል፣ ደጃፍ ይቆማል፤ ጫማውን ያጋጫል፤ ጭቃ እንደሚያራግፍ ሰው። አይገባም። እኔም የእግር ውሃው እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ።»

እማማ ወለተ ማርያም ቤት በእግሯ ሄደች። «ረገጥ፣ ሸርተት» አሏት፣ በመዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ እየመቱ። «ከዚያ ቀጭ ቀጭ። ማን እንደሆነ እንጃ ልጄ፤ ብቻ ሲቀር ይከፋኛል።»

ያን ለት ሃዋኒ የተሰማትን ማን ይቀበላታል? ደስ አላት፤ በሕይወት ያለ መሰላት። ፈራች፤ በሕይወት ያለ ሰው በአንድ ምሽት ወንጪና ጎጆ አይገኝም። ከሁሉ ያየለው ግን ቅናት ነበር! ለሰው ደጅ ሁሉ እየደረሰ ለእኔ ደጅ! በሩን ሳትቀረቅር አምስት ዓመት የተቀመጠችው እሷ፤ ጫማው የሚሰማው ለማያውቁት ሰዎች! ማታ የራሷን ደጅ ስታዳምጥ አመሸች። ውሻ ጮኸ፤ ባጃጅ አለፈ። ሌላ ምንም።

በሳምንቱ ኢፋ ጎጆ ሲወጣ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጨርስ ጉሙ መስኮቱን ለበሰው፤ ጎጆ ሲደርሱ ከመንገዱ ማዶ ያለው በግ እንኳ አይታይም፤ ሳሉ ብቻ ይሰማል። ኦቦ ሂርጳ ሁለት ጋቢ ደራርበው ወጡ። ኢፋን ሳሙት። ሃዋኒ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሂርጳ» ብላ እጇን ስትዘረጋ ግን እጇን ያዙና ቀሩ።

«አንቺ ነሽ!» አሉ። «ከመደርደሪያ ላይ ወረድሽ?»

ገብስ ቆሎ ቀረበ። ወሬ ተወራ፤ ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ በጎቹ። ሽማግሌው በየመሃሉ ያስላሉ፤ ሳሉ ከደረት ሥር የሚመጣ እርጥብ ሳል ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሣጥኑ ብልጭ አለና የሃዋኒ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

እሷ የራሷን ድምፅ እንዲህ ሰምታው አታውቅም። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ስትሰማው ሥራ ነበር። እዚህ፣ በሰው ቤት፣ በጉም መሃል፣ የማታውቃት ሴት ናት። ቃሉ መድኃኒት ይላል፤ ድምፁ ግን ሌላ ነገር ይላል። መጨረሻ ላይ ያችው ኢፋ የወደዳት እረፍት መጣች፤ የሰው ትንፋሽ የሚያህል ዝምታ፤ ጆሮውን ደጅ ላይ የጣለ ሰው ዝምታ። ኦቦ ሂርጳ ክኒናቸውን ዋጡ። ተነሱ። መቀርቀሪያውን አንስተው በሩን ወለል አደረጉት። ሁለተኛውን በርጩማ ሳቡ። ጉሙ እንደ እንግዳ ገባ።

«አሁን» አሉ።

ረገጥ። ሸርተት። ረገጥ። ሸርተት። ከበጎቹ በረት በኩል፣ በእርጥቡ ሣር ላይ። ከዚያ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቆመ። ቀጭ፣ ቀጭ።

ሃዋኒ ወደ በሩ ዞረች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ያች መናኸሪያ ሙሉ ሕዝብ የምታስነሳው ሴት! በበሩ የሚታየው ነጭ ጉም ብቻ ነው።

«ሰማህ?» አለችው ኢፋን በሹክሹክታ።

«በግ ነው» አለ ኢፋ። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

«አይገባም» አሉ ኦቦ ሂርጳ በእርጋታ፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ። «ልጄ፣ ለምን እንደማይገባ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ኦቦ።»

«ቤቱ የኔ ነዋ። የተጠራው በአንቺ ድምፅ፣ የቆመው በኔ ደጅ። የት ይግባ?»

ብዙም ሳይቆይ ኦቦ ሂርጳን የሳምባ ምች ጣላቸው፤ በሰው ሸክም፣ በሚኒባስ አምቦ ሆስፒታል መጡ። ኢፋ ሣጥኖቹን ሁሉ ሰበሰበ። «ሽማግሌ ልገድል ነበር» አለ፤ ሃዋኒን ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሌላ ድምፅ ተፈለገ፤ የባንክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ፌቨን መጣች። ፌቨን በዚያ ሰሞን ቀለበት ያሰረች ልጅ ናት፤ ቁም ሣጥን ግቢ ስትባል ሳቀች፣ ገብታም ሳቀች፣ «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ስትልም ሳቋ ከጥርሷ ሥር አለ። ሣጥኑ ሲመለስላቸው እማማ ወለተ ማርያም ሰምተው ፈነደቁ። አዴ ሲንቄ ለልጃቸው ዘፈን አወጡ። መድኃኒቱን ግን ማናቸውም አልዋጡም! «እንዲህ የምታስቅ ልጅ እያለች ምን በሽታ አለብኝ?» አሉ እማማ ወለተ ማርያም።

ኢፋ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «አንዷ ስታዝን ሰው ይታመማል፤ አንዷ ስትደሰት ሰው መድኃኒት ይረሳል። እኔ እኮ ሽቦና ባትሪ ነው የተማርኩት!»

«የድርጅቱ ሰዎች መቼ ነው የሚመጡት?» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ።

«ወሩ ሲያልቅ።»

ሁለቱም ሃዋኒን አላዩም። ያለማየታቸው ግን እንደ ማየት ነበር።

ሃዋኒ ሆስፒታል ኦቦ ሂርጳን ልትጠይቅ አጥሚት ይዛ ሄደች። ሽማግሌው ቀለል ብሏቸው ትራስ ተደግፈዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ» አለች። «በሩን ለማያውቁት ሰው ከፍተው...»

«ለሱ ብዬ መሰለሽ የከፈትኩት?» አሉ። «እሱን ምኑን አውቄው! አንቺ ነሽ የለመንሽኝ። ጠዋት ትለምኚኛለሽ፣ ማታ ትለምኚኛለሽ፤ እባክዎ አብረውኝ ይጠብቁ እያልሽ። የሰው ልጅ እንዲያ ሲለምን ማን በሩን ይዘጋል? እኔም ሚስቴ የሞተች ሰው ነኝ፤ ብቻ እኔ አልቅሼላታለሁ።»

አጥሚቱ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ለካ አምስት ዓመት ብቻዋን የተሸከመችውን ሳታውቀው ለሦስት አረጋውያን አከፋፍላለች፤ አሁን ደግሞ ለወረዳው ሁሉ ልታከፋፍል ነው። ድምጿን መስጠት ከፈለገች መጠበቋን መተው አለባት። መጠበቋን ከተወች ደግሞ ለሜሳ... ቀሪውን በልቧ እንኳ አልጨረሰችውም። ከሆስፒታሉ ወጥታ ቀጥታ የሄደችው የለሜሳ ታላቅ ወንድም ቤት ነው።

«ለቅሶ እንቀመጥ» አለች።

ሰውዬው «ማን...» ብሎ ጀምሮ፣ የገዛ ጥያቄዋን ሊመልስላት መሆኑ ገባውና አፉን ያዘ።

ድንኳኑ ተተከለ። አስከሬን ስለሌለ የለሜሳ ኮትና ፎቶግራፉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዝሙር ዘመሩ፤ ሾፌሮች መኪናቸውን ከድንኳኑ ማዶ አቁመው መጡ፤ ጋሽ እንግዳወርቅ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው፣ ፌቨን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሳቅ የሚባል ነገር ሳይኖራት መጣች። ሃዋኒ የመጀመሪያውን ቀን ዕንባ አልነበራትም። በሁለተኛው ቀን አንድ የባኮ ሾፌር ገብቶ «ለሜሳ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ሰጥቶኝ ነበር፤ መቼ ልመልስለት?» ብሎ ሲያለቅስ፣ ያን ጊዜ ወጣላት። አምስት ዓመት የታቆረው ወጣ። ሰፈሩ የሰማው ድምፅ መናኸሪያ ውስጥ ሰምቶት የማያውቀው ነበር።

ድንኳኑ ፈርሶ ሳምንት ሳይሞላ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባች። ድምጿ ገና ሻካራ ነው። ኢፋ «ትንሽ እንቆይ ይሆን?» ሲላት «አሁን ይሁን» አለች። ዓይኗን አልጨፈነችም። በሁለቱም ቋንቋ ተናገረችና በሩን ራሷ ገፍታ ወጣች። ኢፋ መልሶ አሰማት።

«ይቺ ማናት?» አለች ሃዋኒ።

«አንቺ ነሻ፣ እትዬ።»

እንደገና ሰማችው። ሻካራ፣ ደልደል ያለ ድምፅ። ተናግሮ ሲያበቃ ያበቃል፤ ከኋላው የሚጠብቅ ነገር የለም። ባል የሌላት ሴት ድምፅ ነበር።

«የድሮውን ላጥፋው?» አለ ኢፋ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ።

ሃዋኒ ቁም ሣጥኑን ዞር ብላ አየችው። ጋሽ እንግዳወርቅ መላጊያቸውን አስቀመጡ።

«አጥፋው።»

ሣጥኖቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ኦቦ ሂርጳም ድነው ጎጆ ገብተዋል። መድኃኒቱ ይወሰዳል፤ በሮቹም ይዘጋሉ። ኢፋ የቆርቆሮ ቤቱን በፉጨት ሊያፈርሰው ደረሰ። ከዚያ ኦቦ ሂርጳ ደወሉ፤ ሃዋኒን ነበር የፈለጉት።

«ልጄ፣ ትናንት አልቆመም» አሉ። «ደጄን አልፎ ሄደ። ቁልቁል፣ ወደ አምቦ።»

ስልኩን ዘግታ ሳታስቀምጠው ከወንጪ ተደወለ። አዴ ሲንቄ ናቸው። «ሰውዬሽ ትናንት በቤቴ አጠገብ አልፎ ዳገቱን ወጣ፤ ወደ አምቦ በሚወስደው። ብጠራውም አልዞረም።» በአንድ ምሽት፣ ከሁለቱም አቅጣጫ። በማግስቱ እማማ ወለተ ማርያም ዱላቸውን ተደግፈው ቆርቆሮ ቤቷ ድረስ መጡ፤ ላባቸውን እየጠረጉ «አለፈ» አሉ። «በናንተ ሰፈር በኩል ነው የታጠፈው። ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሃዋኒ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ሄደች። አልሮጠችም። አልዘገየችም። ከአንዲት ሱቅ ሽንኩርት ገዛች። እሳት አያይዛ ወጥ ሠራች። ልማድ ሆኖባት ሁለት ሳህን አወረደች፤ አየቻቸውና አንዱን መለሰችው። ፀሐይ ወደ ጌዶ በኩል ጠልቃ፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ ሰፈሩ ልጆቹን እየጠራ በሚያስገባበት ሰዓት፣ ከመታጠፊያው በኩል ሰማችው።

ረገጥ። ሸርተት።

የጎረቤት ውሻ ለመጮህ ብድግ ብሎ ሳይጮህ ተመልሶ ተኛ። እርምጃው በአጥሩ በኩል መጣ፤ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ደረሰና ቆመ። ቀጭ፣ ቀጭ። ይሄኛው ቤት የሱ ነው። እዚህ የሚያግደው የለም።

ሃዋኒ በሩ ድረስ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በስንጥቁ የሚታየው የድንጋዩ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ላይ ትኩስ ቀይ ጭቃ አለ፤ ዝናብ ግን አልዘነበም። ጉሮሮዋ ውስጥ የለመደችው ቃል ተዘጋጅቶ ቆመ፤ አንድ ቃል ናት፤ ከተናገረቻት ይገባል። ምን ሆኖ እንደሚገባ ግን አታውቅም። ዛሬ ቢገባ ነገ ደግሞ ልትጠብቀው ነው፤ ጠዋት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ያን መጠበቅ ይዛ ልትገባ ነው።

«አልቅሼልሃለሁ» አለች። «ወንድሞችህም አልቅሰውልሃል። የባኮው ሾፌር ጎማህን ወንድምህ ቤት አድርሷል። እዚህ የቀረህ ነገር የለም፣ ለሜሳ።»

በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።

ከደጅ መልስ አልመጣም። የሄደ እርምጃም አልተሰማም። አንድ ነገር ከበሩ ማዶ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ቆሞ ይሰማታል፤ እሷም ቆማ ሰማችው። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ገጠመችው። መቀርቀሪያው ዝጎ ነበር፤ በመዳፏ እየመታች አስገባችው። ተመልሳ ተቀምጣ እራቷን በላች። ወጡ ጨው አንሶት ነበር፤ ተነስታ ጨመረች።

ጠዋት የቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ኢፋና ጋሽ እንግዳወርቅ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው ይጠብቋት ነበር፤ እማማ ወለተ ማርያም የነገሯቸውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላስሉ ማደራቸው ከፊታቸው ይነበባል።

«እንዴት አደርሽ፣ እትዬ?» አለ ኢፋ፣ ጥያቄውን የሰላምታ አስመስሎ።

ሃዋኒ ነጠላዋን አውልቃ ሰቀለች።

«ተኝቼ» አለች።